አንዴ ፈርሞ መገላገል ወይስ በየጊዜው መፍቀድ?

አዳማ ታክመህ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልህ እንበል። መዝገብህ በሲስተም ይላክ ከተባለ ፈቃድህን በሁለት መንገድ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ ወይ ካርድ ስታወጣ አንዴ በጥቅሉ ትፈቅዳለህ፣ ወይ አዲስ ሐኪም መዝገብህን ሊከፍት ባለ ቁጥር ስልክህ ላይ ኮድ ይመጣል።

የጥቅሉ ቀላል ነው። ራስህን ስተህ ድንገተኛ ክፍል ብትገባ እንኳ ሐኪሙ የማይስማማህን መድኃኒት ወዲያው ያያል። ግን ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ፣ ከኋላ እየተገፋ ማን አንብቦ ይፈርማል? «እማዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይባላሉ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ። የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕክምና ታሪካቸው ለማን ለማን እንደተከፈተ በምን ያውቃሉ?

በኮድ ከሆነ የጥርስ ሐኪሙ የማይመለከተውን እንዳያይ መከልከል ይቻላል። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ኮዱ ልጃቸው ስልክ ላይ ከመጣስ፣ የፈቀደው ማነው? (ከልጅ የሚደበቅ ሕመምም እኮ አለ።)

እኔ ብጠየቅ ለተራው መረጃ የጥቅሉን፣ ምስጢርነቱ ጠበቅ ላለው ደግሞ ኮዱን እመርጣለሁ። ያውም ማን እንደከፈተው ማየት ከተቻለ ብቻ! ኢስቶኒያ ውስጥ ታካሚው ኦንላይን ገብቶ መዝገቡን ማን እንዳየ ያረጋግጣል፣ መዝጋትም ይችላል። እኛም ጋ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፎርሙ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይቅረብ፤ መሰረዣው ቁልፍም ከመፍቀጃው አጠገብ ይቀመጥ፣ አሥር ገጽ ውስጥ አይደበቅ።