ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ 14 ወር ሠራሁበት

የገዛሁት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ቤቴ ባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ነው። የተመራቂ ተማሪዎችን ጽሑፍ ታይፕ አደርጋለሁ፣ ገጹን አስተካክላለሁ። ግንቦት ሲደርስ ሥራው ይደራረባል። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን አልነሳ ካለ የሰው ልፋት ይቆማል፣ የእኔም ገቢ ይቆማል። ስለዚህ ስለ ፍጥነቱ ብዙ አላወራም። ማለዳ ማብሪያውን ስጫን ይነሳል ወይስ አይነሳም፣ ካልነሳስ ምን ሆኖ ነው፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ስለ ፍጥነቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንደ ገዛሁት ከማብሪያው እስከ ዎርድ ድረስ አራት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ) አስገባሁና ዊንዶውሱን እሱ ላይ ጫንኩ። አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። አሮጌው ዲስክ የፋይል ማስቀመጫ ሆነ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ለዚህ አውጡ።

ዋናው ችግር በሁለተኛው ወር ጀመረ። ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጠፋለሁ። ጠዋት ሳበራው ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ አገኘዋለሁ። ቀኑ ስለተሳሳተ ድረ ገጾች አልከፍትም ይሉኛል፣ ኢሜይል እምቢ ይላል። በእጄ አስተካክዬ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። እንዲህ እያልኩ አንድ ወር ሄደ።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ዊንዶውስ ሊነሳ ሲል ሰማያዊ ገጽ መጣ። ራሱን ያጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ሰማያዊ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። «ዊንዶውሱ ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። የሦስት ተማሪዎች ጽሑፍ ውስጡ ነበር። ልቤ እሺ አላለኝም፣ ይዤው ተመለስኩ። የጎረቤቴ ልጅ ፖሊ ይማራል። ማታ ጠራሁት። «እትዬ፣ ፎርማት እንዳያስደርጉት። መጀመሪያ ባዮሱን እንየው» አለኝ።

ባዮስ ከዊንዶውስ ቀድሞ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ኤፍ2 ተጭኖ ከፈተው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲለይ ሰዓቱን እና የባዮሱን ምርጫዎች ይዛ የምታሳድረው እሷ ናት። ስትደክም መጀመሪያ ሰዓቱ ይጠፋል። ሲብስባት ምርጫዎቹም ይጠፉና ባዮሱ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ይመለሳል። የእኔው ሲመለስ የዲስኩን አሠራር «ሬይድ» ላይ አደረገው። ዊንዶውሱ ግን የተጫነው «ኤኤችሲአይ» ላይ ነበር። ስለዚህ የራሱን ዲስክ ማንበብ አቃተው። ልጁ «ሳታ ኦፐሬሽን» የሚለውን ገጽ ከፍቶ ወደ ኤኤችሲአይ መለሰው፣ ሴቭ አደረገ፣ ወጣ። ተነሳ። አንድም ፋይል አልጎደለም። በማግስቱ ባትሪዋን ቀየርናት፣ ሰዓቱም ዳግም አልተዛባም።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ስለሚያንገበግበኝ ነው። ስንት ሰው ፋይሉን ያጣው በዚህች ባትሪ ምክንያት ይሆን? ኮምፒውተራችሁ ጤነኛ ሳለ የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የተዛባ ዕለት የቱን ወደ የት እንደምትመልሱ ታውቃላችሁ።

ሚያዝያ ላይ ሌላ መጣ። የባሕር ዳርን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራና ድርግም ይላል። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሳፕላዩ መስሎኝ ነበር። ጎኑን ስንከፍተው የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር አቧራው እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጋግሯል። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። በደረቅ ብሩሽ ጠረግነው። ፋኑን በጣት ይዞ ነው መጥረግ፣ እንዲሽከረከር መተው አይገባም። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አንስተን አዲስ ቀባን፤ የምስር ፍሬ ያህል ይበቃል። አሁን በየሦስት ወሩ እከፍተዋለሁ። ፓወር ሳፕላዩን ግን ፈትቼ አላውቅም፣ እናንተም አትፍቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲወርድ ሰነበተ። አንድ ቀን ሳበራው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ከውስጥ ጢጥ ጢጥ ይላል። ስክሪኑ «ኖ ሲግናል» ሲል ብዙ ሰው ሞኒተሩን ይጠረጥራል። ገመዱ ላልቶም ሊሆን ስለሚችል ቀድሜ እሱን አጥብቄ አየሁ። ጩኸቱ ግን ስላለ ወደ ራሙ ሄድኩ። ጩኸቱ ምልክት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚጮህ ቁጠሩ፤ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ገመዱን ነቅዬ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። የሰውነቴ ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳው የኬዙን ብረት ነካሁ። ሁለቱን ራሞች አወጣሁ፣ ወርቃማ ጥርሳቸውን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁ፣ ፍርፋሪውን አራገፍኩ። ከዚያ አንድ አንዱን እየሰካሁ ሞከርኩ። ሁለቱም ደህና ናቸው። የታመመችው አንዷ መሰኪያ ነበረች። ወደ ሌላኛዋ አዛወርኩ፣ አለቀ። ሳልሞክር አዲስ ራም ብገዛና እዚያችው መሰኪያ ላይ ብሰካው ኖሮ ገንዘቤ በከንቱ ይሄድ ነበር።

ጭራሽ ምንም መብራት ያላሳየበት ቀንም ነበር። ዲቫይደሩ ነው የተቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ምንጊዜም ከግድግዳው እጀምራለሁ። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር እሞክራለሁ፣ ቀጥሎ ዲቫይደሩን፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ገመድ። «ማስነሻ ዲስክ የለም» ካለኝ ደግሞ ተማሪ ረስቶት የሄደ ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነ አያለሁ። ሁለቴ እሱ ሆኖ ተገኝቷል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ገዛሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ያቆየኛል። ሴቭ አድርጌ አጠፋለሁ፣ ሌላ ሥራ አልሠራበትም። መብራት እንደ መጣም ወዲያው አላበራም። ትንሽ አረጋግቼ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው በይፋ የሚቀበለው፣ የእኔ ሦስተኛ ነው። ለአንድ ዓመት የሚራዘመውን የደህንነት ማሻሻያ ተመዝግቤ ወስጃለሁ። እሱ ሲያልቅ በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት እጭንበታለሁ። እስከዚያ የተማሪዎቹን ፋይል በየማታው ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ።

እህቴ እንደዚህ ያለ ልግዛ ብላ ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ነው። ሱቅ ውስጥ በርቶ ካየነው አጥፉልን እላለሁ። ከሶኬቱ ነቅለን ሩብ ሰዓት እንቆያለን፣ መልሰን ሰክተን ሰዓቱን እናያለን። ጎኑን አስከፍተን አቧራውን እና የራም መሰኪያዎቹን እናያለን። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ እናጫውትበታለን፣ ድርግም እንዳይል። ስምንተኛ ትውልድ ካገኘን ደግሞ ትንሽ ጨምራም ቢሆን እሱን ትወስዳለች።