ለእጅ የመጥለቂያ ኮምፒውተር የትኛው ይሻላል? የፋብሪካው ማሰሪያ፣ ቅጂው ወይስ በቤት የሚሠራው የላስቲክ ገመድ

«ማሰሪያዬ ተበጠሰ፤ የትኛውን ልግዛ?» እስራኤል ውስጥ፣ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤይላት አብረውኝ ከሚጠልቁ ወዳጆቼ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚጠይቁኝ ጠላቂ በክንዱ አስሮ ጥልቀቱንና ታች ሊቆይ የሚችለውን ጊዜ ስለሚያነብበት ኮምፒውተር ማሰሪያ ነው። መልሴ አይለወጥም፤ አትግዙ፣ ከላስቲክ ገመድ ራሳችሁ ሥሩት። የጠለቃ ልብስ እየለበስን ለማስረዳት ጊዜ ስለማይበቃኝ ምክንያቴን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዋጋውን ላስቀድም። ለእኔ ኮምፒውተር የሚሆነውን የፋብሪካ የጎማ ማሰሪያ 160 ሼቅል ብለውኛል። እሱን የሚመስለውን ቅጂ በኢንተርኔት በ35 ሼቅል ገዝቻለሁ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ባለላስቲክ ገመድ ማሰሪያ፣ ማለትም ሁለት የፕላስቲክ ማያያዣና ጥቂት ገመድ፣ 130 ሼቅል ነው። ያንኑ ዓይነት ገመድ የጀልባ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በሜትር 5 ሼቅል ገዛሁ። ሁለት ሜትር 10 ሼቅል ሆነ። ከሁለት ሜትር ሁለት ሙሉ ማሰሪያ ስለሚወጣ አንዱ 5 ሼቅል ፈጀ ማለት ነው። በ130 እና በ5 መካከል ላለው ልዩነት የምታገኙት ሁለቱን ቁራጭ ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ገመዱን እንድሞክር ያደረገኝ ያ ቅጂ ነው። ከገጠምኩት በሦስተኛው ሳምንት ሳቲልን ለማየት ወረድን፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠላቂዎች ተብሎ ባሕር ውስጥ እንዲሰምጥ የተደረገው የሚሳኤል ጀልባ ነው። 22 ሜትር ላይ ቀሪ ጊዜዬን ለማንበብ ክንዴን ሳነሳ ማሰሪያው ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ወደ ጣቶቼ ሲንሸራተት አየሁት። በሌላ እጄ አፈፍ አድርጌ ያዝኩት፤ ለባልደረባዬ ምልክት ሰጥቼ ቀስ ብለን ወጣን። ኮምፒውተሩ 1,400 ሼቅል ያወጣል፤ ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። በሰውነቴ የተጠራቀመውን ናይትሮጅን እኔ በቆየሁበት ጥልቀትና ጊዜ የሚያሰላልኝ እሱ ብቻ ነው። የባልደረባዬ ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሱን ባለቤት ጉዞ ነው፤ የእኔን ሊተካ አይችልም።

ቤት ገብቼ ማሰሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያይዘውን ፒን በመዳፌ ላይ አድርጌ መረመርኩት። ባለሞላ ፒን ነው፤ ጫፉ ዝጓል፣ ሲጫኑት ይገባል፣ ግን ተመልሶ አይወጣም። የቀይ ባሕር ጨው እንዲህ ያለውን ርካሽ ብረት በሦስት ሳምንት ጨረሰው። የፋብሪካው ማሰሪያ ፒኖች ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ንጹሕ ነበሩ፤ የተሰነጠቀው ጎማው ነው፣ እሱም ዘለበቱ በሚቆልፍበት ቀዳዳ ላይ። ስለዚህ አሮጌ ማሰሪያ ስትጥሉ ፒኖቹን አስቀሩ። ከጠቅላላው ማሰሪያ ውድ የሆነው ክፍል እነሱ ናቸው፤ ለገመዱም ያስፈልጓችኋል።

ጥሩ ጎማም ቢሆን አንድ የማይፈታው ችግር አለ። የጠለቃ ልብሳችን የተሠራበት ኒዮፕሪን የተባለ ጎማ በጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሞላ ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ስለሚሆን አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፣ እጅጌው ይሳሳል። ዳር ላይ አጥብቃችሁ የቆለፋችሁት ጎማ ታች ስትደርሱ ይላላል፤ ኮምፒውተሩም ወደ ክንድ ሥር ይዞራል። የላስቲክ ገመድ ግን ከእጅጌው ጋር አብሮ ይሰበሰባል፤ ስትወጡም አብሮ ይለጠጣል። ለእኔ ክርክሩን የዘጋው ይህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከገመዱ ሃምሳ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ እንዳይተረተር የአራቱንም ጫፍ ሽፋን በክብሪት አቅልጡ። አንዱን ቁራጭ በአንደኛው ፒን ሥር አስገብታችሁ፣ በኮምፒውተሩ ጀርባ አሳልፋችሁ፣ በሌላኛው ፒን ሥር አውጡት። ሁለቱን ጫፎች በዓሣ አጥማጆች ድርብ ቋጠሮ እሰሯቸው፦ ጫፎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ አንዱን በሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማችሁ በጥምጥሙ ውስጥ ታሾልካላችሁ፤ ሌላውንም እንዲሁ፤ ከዚያ ሁለቱ ቋጠሮዎች እስኪገናኙ ትጎትታላችሁ። የቀረው ጫፍ ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይነስ። ሁለተኛውንም ቁራጭ ለብቻው እንዲሁ እሰሩ። ቋጠሮው ከኮምፒውተሩ ሥር ከገባ ስለሚያወዛውዘው ወደ ክንዳችሁ ጎን አውጡት። በጀርባው ላይ የግፊት መለኪያው ቀዳዳዎች ካሉ ገመዱ እንዳይሸፍናቸው ወደ ዳር ግፉት።

ሁለት ቀለበት ያደረግሁት ለማስዋብ አይደለም። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። አንድ ፒን እንኳ ቢወጣ ገመዱ በጀርባ በኩል ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ በሌላኛው ፒን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን ቀን ሳቲል ላይ ያጣሁት ይህን ነበር።

ልኩን የጠለቃ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ውሰዱ። ቀለበቱ ሳይለጠጥ ከእጅጌው ዙሪያ በሁለት ጣት ያህል ይነስ፤ ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ ጠብቋል። እንደ ዘለበት በየጊዜው ማላላትና ማጥበቅ አይቻልም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለቱ ነው። እኔ ለበጋው ስስ ልብስና ለክረምቱ 5 ሚሊ ሜትር ልብስ ሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች አሉኝ። ሁለቱም ተደምረው ያው 10 ሼቅል ናቸው።

ገመድም ቅጂ አለው። የቆረጣችሁትን ጫፍ ተመልከቱ፤ በሽፋኑ ውስጥ የላስቲክ ክሮቹ ጥቅጥቅ ብለው መሙላት አለባቸው። በ2 ሼቅል የገዛሁት ገመድ ውስጡ ጥቂት ክር ብቻ ነበረው፤ በአንድ ወር ውስጥ ተለጥጦ ቀረ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ደጋግማችሁ ሳቡትና ልቀቁት፤ ወደ ልኩ ካልተመለሰ አትግዙት። ጥሩውንም ቢሆን በየጠለቃው በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ሥር አድርቁት፤ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ እቀይረዋለሁ።

ሺርዋተር ፐርዲክስ የተባለው የመጥለቂያ ኮምፒውተር ያላችሁ ምንም ማያያዣ አያስፈልጋችሁም፤ አካሉ ላይ ለገመድ የሚሆን ቀዳዳ አለው። የእጅ ሰዓት የሚያህል ትንሽ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ በፒኑና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት አስቀድማችሁ ለኩ። የ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ካላስገባ የ3 ሚሊ ሜትር ሞክሩ። እሱም ካልገባ የፋብሪካውን ማሰሪያ በ160 ሼቅል ግዙ፤ 35 ሼቅሉን ቅጂ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ በኮምፒውተራችሁ ላይ አትግጠሙት።