ሁለቱ ዩዎች፦ ሴኡል 1988 ወይስ አቴንስ 2004?

በኦሊምፒክ የወንዶች ነጠላ የጠረጴዛ ቴኒስ ወርቅ ያገኙ ኮሪያውያን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዩ ናም-ኪዩ እና ዩ ሱንግ-ሚን። (የቤተሰብ ስማቸው በኮሪያ ፊደል አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው፤ ዝምድና ግን የላቸውም።) ሁለቱም ራኬቱን እንደ እስክሪብቶ ነበር የሚይዙት፤ ናም-ኪዩ በግራ፣ ሱንግ-ሚን በቀኝ።

የቡሳኑ ናም-ኪዩ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ያሸነፈው በአገሩ ሕዝብ ፊት ነው። ለፍጻሜ የገጠመውም የገዛ አገሩን ልጅ ኪም ኪ-ቴክን ነበር፤ ወርቁ ከኮሪያ እንደማይወጣ አስቀድሞ ታውቋል። በማግስቱ ዓመት ዶርትሙንድ ላይ ከህዩን ጁንግ-ህዋ ጋር የዓለም ድብልቅ ጥንድ (ወንድና ሴት አብረው የሚጫወቱበት) ሻምፒዮን ሆነ።

የሱንግ-ሚን መንገድ ይከብዳል ባይ ነኝ። አቴንስ ላይ በግማሽ ፍጻሜ ስዊድናዊውን ቫልድነርን፣ በፍጻሜ ቻይናዊውን ዋንግ ሃኦን 4 ለ 2 ረታ። በግራ በኩል የመጣችውን ኳስ ሳይቀር ዞሮ በፎርሃንድ (ራኬት በያዘው እጅ በኩል በሚመታው ምት) ለመምታት በእግሩ ፍጥነት ይተማመን ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ያን ወርቅ ከቻይና እጅ የነጠቀ የለም።

በሜዳሊያ ብዛት ካየነው ናም-ኪዩ አያንስም፤ በጥንድም ሦስት የኦሊምፒክ ነሐስ አለው። ከሜዳ ውጭ ግን ሱንግ-ሚን ርቆ ሄዷል፤ በ2025 የኮሪያ ስፖርትና ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ለአንድ ጨዋታ ምረጥ ብባል የአቴንሱን ፍጻሜ ደግሜ አያለሁ።