ያሪሴ ኮፓ ላይ የገጠምኩት የዘይት ማፍሰሻ ቫልቭ፦ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካየሁት በኋላ

ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ከሆነ አትግዙት፤ አይቆጥብም። እኔ ከገጠምኩት ክረምቱም በጋውም አልፏል፣ እስካሁን አላወለቅኩትም። ያላወለቅኩበት ምክንያት ግን ሻጮቹ ከሚያወሩት ሌላ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገንዳ፣ ላይ ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ፈትታችሁ በቦታው አንዲት አጭር የናስ ቧንቧ ታስራላችሁ። ውስጧ ቀዳዳ ያላት ኳስ አለች። እጀታውን ሩብ ዙር ስታዞሩት ቀዳዳዋ ከቧንቧው ጋር ይገጥምና ዘይቱ ይፈስሳል፤ ስትመልሱት ይዘጋል። እጀታው በሞላ ተይዞ ጎድጎድ ያለ ቦታ ውስጥ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ ሞላውን ተጭኖ ከዚያ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ በንዝረት አይዞርም። የእኔ ፉሞቶ የሚባለው የጃፓን ስሪት ሲሆን፣ ጫፉ ላይ የጎማ ቱቦ የሚሰካበት አፍ ያለው ዓይነት ነው። ስታልባስ የሚባል የጀርመንም አለ፤ እሱ እጀታ የለውም፣ ቆቡ ተፈትቶ የራሱ ማፍሰሻ ጎማ ሲታሰርበት ነው የሚከፈተው።

ጅማ መለዋወጫ ቤቶችን ዞሬ አላገኘሁም። አንዱ ባለ ሱቅ ፎቶውን ሳሳየው የውሃ ቧንቧ መስሎት ወደ ሕንፃ መሣሪያ ቤት ሊልከኝ ነበር። በመጨረሻ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ መጣ። እዚያ ከ25 እስከ 35 ዶላር ይሸጣል። ወደ ብር ስትመልሱት ለአንድ ቡሎን ምትክ ያናድዳል፤ እኔንም አናዶኛል።

ታዲያ ለምን? ለፊሌቶው፣ ቡሎኑ ለሚጠመዘዝበት የኮፓው ጥርስ ብዬ ነው። የቀድሞ መኪናዬን መንገድ ዳር ያለ አንድ ጋራዥ ዘይት ሲቀይርልኝ፣ ልጁ ቁልፉ ላይ ረጅም ብረት ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። በሚቀጥለው ጊዜ ቡሎኑ ሲፈታ ፊሌቶውን ይዞት ወጣ። ኮፓ ወርዶ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ፣ ቀዳዳው ለተለቅ ያለ ቡሎን ሰፍቶ ተመለሰ፣ ከዚያም በኋላ ማንጠባጠቡን አልተወም። የቶዮታ መመሪያ ለእኔዋ ያሪስ 1.3 ሞተር የሚሰጠው የማጥበቂያ ልክ ወደ 38 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህ በአጭር 14 ቁልፍ አንድ ሰው በአንድ እጁ ጠበቅ አድርጎ የሚተወው ነው። ብረት መቀጠል፣ መንጠልጠል የሚባል ነገር የለውም። ቫልቩ ግን አንዴ በወጉ ከታሰረ በኋላ ቁልፍ አያርፍበትም። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ፊሌቶው ይበላ ይሆን ከሚል ሐሳብ ገላግሎኛል።

ይህ ድሮ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን በእጃችን ያለችውን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ መያዛችን አይቀርም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ኮፓው ከመኪናው እኩል መቆየት አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የጅማ ዝናብ ነው። እዚህ ዝናቡ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም፤ በበልግም ያለማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ግቢያችን ጣሪያ ያለው ማቆሚያ የለውም። ቀደም ሲል ዘይቱን ሳፋ ላይ አፍስሼ ሳልጨርስ ዝናቡ ይደርስና ሳፋው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ዘይቱ ተንሳፎ ግቢውን ያለብሰዋል፤ እናቴ ለሳምንት አታናግረኝም። አሁን ጎማውን ቫልቩ አፍ ላይ እሰካለሁ፣ ሌላውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ እከታለሁ፣ እከፍታለሁ። ጠብታ መሬት አይነካም። ደመናው ከከበደም ግማሽ ላይ ዘግቼ ቤት እገባለሁ፤ ቡሎን ቢሆን አንዴ ከተፈታ ወይ አልቆ ወይ በእጅ ተደፍኖ ነው። ትኩሱ ዘይት በክርን በኩል እጅጌ ውስጥ መግባቱም ቀርቷል።

አሁን ወደ ሚያስከፋው። የቫልቩ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ቀስ ብሎ ነው የሚፈስሰው። በቡሎን ቀዳዳ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚወስደው በዚህ ከአስር ደቂቃ ያልፋል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ከከፈታችሁትማ ቡና አፍልታችሁ ሦስተኛውን ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ሰፈር ዞር ዞር ብዬ ሞቅ ሲል ነው የምከፍተው። ሌላው፣ የቫልቩ ፊሌቶ ወደ ኮፓው ውስጥ ትንሽ ገባ ስለሚል ከታች የሚቀር ዘይት አለ። ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ጊዜ አፍስሼ ስጨርስ ቫልቩን ራሱን ፈታሁት፤ የወጣው አንድ ሲኒ አይሞላም። ሞተሩ ከፊልትሮው (ከዘይት ማጣሪያው) ጋር 3.7 ሊትር ነው የሚወስደው፤ አንድ ሲኒ አሮጌ ዘይት እዚያ ውስጥ ምንም አያመጣም። ዝቃጭ አይወጣም የሚሉም አሉ፤ ዘይቱን በጊዜው ለሚቀይር ሰው አያሳስብም ባይ ነኝ።

ፊልትሮውን ደግሞ ቫልቩ አይፈታላችሁም። ከመኪናው ስር መግባት አልቀረም፣ እጅ መቆሸሽም አልቀረም። «መኪና ስር ሳይገቡ ዘይት መቀየር» የሚለው ማስታወቂያ ግማሽ እውነት ነው። እኔ በርጩማና አልጋ የሚሠራ ጎረቤቴን ከወፍራም ጣውላ ሁለት መወጣጫ አሠርቼ የፊት ጎማዎቹን እዚያ ላይ አወጣለሁ። ክሪክ ብቻ አምኖ ከስር መግባት በየትኛውም ቡሎን፣ በየትኛውም ቫልቭ አይደረግም።

ትልቁ ጥያቄ ግን ከፍታ ነው። ቫልቩ ከቡሎኑ ራስ ይረዝማል። የኮፓችሁ ቡሎን በቀጥታ ወደ መሬት የሚያይ ከሆነና ከሞተር ስር ላሜራ ካልታሰረ፣ በእኛ መንገድ ላይ አልመክርም። ሰፈራችን ከአስፋልቱ የሚገባበት መንገድ ድንጋዩ የወጣ ነው፣ አንዳንዱ የፍጥነት መገደቢያም ያለ ልኩ የተሠራ ነው። አንድ ድንጋይ ቫልቩን ቢገነጥለው ዘይቱ ሁሉ እዚያው ይፈስሳል፣ ካላያችሁት ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። እኔ ከመግጠሜ በፊት ጠንካራ ላሜራ አሠርቼ፣ ለእጅ መግቢያ ብቻ ቀዳዳ አስቀርቼለታለሁ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንግዳ ይዤ ጅሬን ስወጣም፣ አጋሮ ደርሼ ስመለስም ላሜራው ተጭሯል፤ ቫልቩ አልተነካም። ላሜራ የማታሳስሩ ከሆነ በቡሎኑ ቆዩ።

ቀዩ ጭቃ እጀታው ዙሪያ ተጋግሮ ይደርቃል። ከመክፈቴ በፊት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ፣ አፉ ላይ ደግሞ ከተቆረጠ ጎማ የሠራሁት ቆብ አለ። ላቫጆ ስወስዳት በግፊት ውሃ እጀታውን እንዳይመቱት ልጆቹን እነግራቸዋለሁ፤ ለጥንቃቄ እጀታውን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬዋለሁ፣ በተቀየረ ቁጥር ቆርጬ አዲስ እጨምራለሁ። ማታ ማታ ከስር ካርቶን አንጥፌ ነበር፣ ጠብታ ሳጣበት ተውኩት።

ያልጠበቅሁት ጥቅም አንድ አለ። ዘይት ከልክ በላይ ሲሞላ፣ የጋሎኑን 4 ሊትር ሁሉን ገልብጦ የሚሄድ ሰው ስላለ፣ በዘይት መለኪያው እያየሁ ትርፉን ብቻ አፈስሳለሁ። በቡሎን ይህን ማድረግ አይሞከርም።

የተቃጠለውን ዘይት ከጀሪካኑ ሳላወጣ ለሚሰበስብ ጋራዥ እሰጣለሁ፤ የአጥር ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው ብለው የሚጠይቁኝ ጎረቤቶችም አሉ። አዌቱ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ሰው ሳይ ግን ደሜ ይፈላል። ጓንት ማድረግም አትርሱ፣ ያገለገለ ዘይት ለቆዳ ጥሩ አይደለም።

ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ለእኔስ አይሆንም?» ብሎኝ ነበር። ባጃጅ የምትወስደው ዘይት ትንሽ ነው፣ በየጊዜው ዘይቷን የሚቀይርላትም እሱ ራሱ ነው፣ ከስሯም ላሜራ የለም። ገንዘብህን ለጎማ አድርገው አልኩት።

ለመግዛት የወሰናችሁ የቡሎናችሁን ልክ አረጋግጡ። ቶዮታና ኒሳን በአብዛኛው 12 በ1.25 (ውፍረቱና የጥርሱ ርቀት በሚሊሜትር) ናቸው፣ ሁንዳይ፣ ሆንዳና ሱዙኪ ደግሞ በአብዛኛው 14 በ1.5። በግምት ተገዝቶ በግድ የተጠመዘዘ ቫልቭ ከዚያ ብረት ሰክቶ ከተንጠለጠለው ልጅ አይሻልም፤ ናስ ከብረት ይለሰልሳልና ሲታሰርም ረጋ ማለት ነው። የድሮውን ቡሎን አትጣሉ፤ መኪናዋ የምትሸጥበት ቀን ሲመጣ እሱን መልሼ አስሬ ቫልቩን ለሚቀጥለው ቶዮታ ይዤው እሄዳለሁ።