የመስሚያ መሣሪያ ስትገዙ ባለ አንድ መስመር ደረሰኝ አትቀበሉ

ለእናት ለአባታችሁ ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ቤት ለአባቴ አዘዝን። በልካቸው ተሠርቶ ለሁለቱም ጆሮ ይመጣል ተባልን፤ ሙሉ ዋጋው ተከፈለ። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ግን «የመስሚያ መሣሪያ» የሚል አንድ መስመርና አንድ ድምር ነው። የመጣው ደግሞ የጎማ ጫፍ ያለው፣ ለማንም የሚሆን ዝግጁ ዕቃ ነው። «በልክ ነው ያላችሁን» ስንላቸው «ደረሰኙ ላይ የት አለ?» አሉን። እውነትም የለም። ድምፁ ይስተካከልልን ስንል ሌላ ሂሳብ ጠየቁን።

የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስም ወረቀቱን መለሰው። ለየትኛው ጆሮ ነው? ምን ዓይነት ነው? ማን አዘዘው? ደረሰኙ አንዱንም አይመልስም። ከሁሉ ያናደደኝ ሻጩ «እነሱ እንደሚፈልጉት አድርጌ ልጻፍልሽ» ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን በፍጹም እሺ እንዳትሉ። የሐሰት ደረሰኝ አስገብቶ ገንዘብ ጠያቂው እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

በአሜሪካ ኮድ፣ ማለትም ለየዕቃውና ለየአገልግሎቱ በተሰጠ የሂሳብ መለያ፣ የሚሠራ ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እዚያ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዲጂታል መሣሪያ ለአንድ ጆሮ ቪ5256፣ ለሁለት ጆሮ ቪ5260 ነው። የጆሮ ልክ መውሰድ ቪ5275፣ ባትሪ ቪ5266 ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። ሻጩ ኮዱን ባያውቅ ችግር የለውም። ዝርዝሩን ግን ሊጽፍላችሁ ይገባል፦ ሞዴሉን፣ የየአንዳንዱን መሣሪያ ሴሪያል ቁጥርና ዋጋ፣ የቱ ለየትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ።

በልክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነገር ጆሮ ውስጥ አስገብተው ቅርጹን መውሰድ አለባቸው። ይህን ካላደረጉ በልክ የሚባል ነገር የለም። ዕቃው ሲመጣም ምልክቱን እዩ፤ ቀይ የቀኝ፣ ሰማያዊ የግራ ነው። ባትሪውንም ጠይቁ፤ ቡናማ ምልክት ያለው መጠኑ 312፣ ብርቱካናማው 13 ነው፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ጆሮውን ይይ። አንዳንዴ መስማት የከለከለው የተጠራቀመ ኩክ ሊሆን ይችላል።

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው ሁሉንም ዘርዝሮ ደረሰኝ የሚሰጥ ቤት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙን። አባቴ አሁንም መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል።