የኩላሊት ጠጠር ለያዛችሁ የድሬ ልጆች፤ ከዚራ ያለችውን ዶክተር ሳታዩ ኦፕራሲዮን እንዳትገቡ!

አቦ ይህን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ታይዋን ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሱቁን ለማን ትቼ ልሂድ እያልኩ በዚያ ሙቀት ከጠዋት ሻይ ሌላ በአፌ ውሃ አይዞርም ነበር። አንድ ሌሊት ግራ ጎኔን ያዘኝ። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፤ ምጥ ይሻላል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሆዴን እንኳ ሳይነካ «ጨጓራ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛው «ኢንፌክሽን» ብሎ በመርፌ ወጋጋኝ። ሦስተኛው ሲቲ ስካን አዝዞ ጠጠሩን አገኘው፣ አልክድም፤ ግን ቀና ብሎ ሳያየኝ «6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኦፕራሲዮን ነው፣ ብር አስይዢ» አለ። ሌላ መፍትሔ የለም ወይ ብዬ ስጠይቀው «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አለኝ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት ደግሞ አንዷ ተልባ፣ አንዷ የገብስ ውሃ፣ አንዱማ ቢራ አዘዘልኝ!

የከዚራዋን ዶክተር የጠቆመችኝ ደንበኛዬ ናት። ፊልሙን አይታ ብዙ አስረዳችኝ፣ ምንም አልገባኝም። ፊቴ ላይ ሲታያት የፀጉሯን ላስቲክ ፈትታ የእስክሪብቶ ክዳን አሾለከችበት። «መድኃኒቱ ጠጠሩን አያቀልጠውም፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበትን ቱቦ ነው የሚያላላው። ወደ ፊኛሽ ተጠግቷል፣ ኢንፌክሽንም የለሽ። እስከ አራት ሳምንት እንሞክረው፤ እምቢ ካለ ያኔ ስለ ኦፕራሲዮን እናወራለን።» የድሬን ውሃ ልረግም ስል (ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ያደረገውን ታውቃላችሁ) «ውሃውን ተይው፣ አለመጠጣትሽን ነው» አለችኝ።

መድኃኒቱ ታምሱሎሲን ይባላል፣ ማታ ከራት በኋላ አንድ ፍሬ። ፋርማሲው «ለባልሽ ነው? የፕሮስቴት መድኃኒት እኮ ነው» ሲለኝ ደንግጬ ደወልኩላት። ስቃ ስቃ «ቱቦው ወንድ ሴት አይልም፣ ዋጪው። ብቻ ከአልጋ ስትነሺ ቀስ በይ፣ ያዞራል» አለች። ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ካለኝ፣ ሽንቴም ከቆመ፣ በሌሊትም ቢሆን እንድደውል ስልኳን የሰጠችኝ ራሷ ናት። በሦስተኛው ቀን እሷው ደወለች፦ «ዛሬ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ?» የእናቴ ልጅ እንኳ አልደወለልኝም!

በአሥራ አንደኛው ቀን ሽንቴን በማጠልበት የሻይ ማጥለያ ላይ ጠጠሯ ጠብ አለች። (ማጥለያውን ጥዬዋለሁ፣ ሻይ ስትጋበዙ አትሳቀቁ።) የምስር ፍሬ የምታክል ቡናማ ነገር። በሶፍት ጠቅልዬ ስወስድላት ከእኔ በላይ ጮኸች፤ ለምርመራ ላከቻት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ! ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ሂዱ፣ ደግሜ እላችኋለሁ ሂዱ። በጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ወረፋው አይቻልም። ደግሞ ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ፤ እኔ ሽንት አልመጣ ብሎኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቄያታለሁ።