ጎንደር ያላችሁ ጌመሮች፣ ለሆትኪ ስክሪፕት ብር እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ጎንደር ሆናችሁ መልቲቦክሲንግ (አንድ ሰው ብዙ አካውንት በአንድ ጊዜ ከፍቶ) የምትጫወቱ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ፒያሳ አካባቢ "ስክሪፕት አለን" ከሚሉት ልጆች ራቁ። ሆትኪ ስክሪፕት ማለት አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ምን እንዲሠራ የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነው። ታውቋቸዋላችሁ። ላፕቶፕ ፎርማት ያደርጋሉ፣ ፊልም በፍላሽ ይጭናሉ፣ ጌም ይሸጣሉ፣ የማያውቁት ነገር የለም።

እኔ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኦንላይን ጌም በሦስት አካውንት ነው የምጫወተው። የላፕቶፔ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ዊንዶዎቹ ይደራረባሉ። በአልት ታብ ልቀያይር ስል ደግሞ የሦስቱም ስም አንድ ነው፤ የቱ ሂለሩ (ሌሎቹን የሚያክመው)፣ የቱ ታንኩ (ፊት ሆኖ ምቱን የሚችለው) እንደሆነ አይለይም። ፈልጌ እስካገኘው ሁሉም ሞተው ይቆዩኛል። የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር። ኤፍ 1 ስጫን አንደኛው፣ ኤፍ 2 ስጫን ሁለተኛው ፊት እንዲመጣልኝ። በቃ።

ለልጁ በግልጽ ነገርኩት። "አንዴ የምጫነው ቁልፍ ለሦስቱም የሚደርስ ከሆነ አልፈልግም፤ ክልክል ነው" አልኩት። የጌሙ ባለቤት ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከልክሎታል። ብዙ አካውንት አንድ ላይ መክፈት ይቻላል፤ አንዱን ቁልፍ በሶፍትዌር ለሁሉም ማባዛት ግን አይቻልም። ኢቭ ኦንላይን የሚባለው ሌላው ጌምም ከ2015 ጀምሮ እንደዚሁ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። "አታስብ ወንድሜ፣ የኔ ንጹህ ነው። ላይሰንስ አለው፣ ከውጭ በዶላር ነው የገዛሁት" አለኝ። 3,500 ብር በቴሌብር ላክሁለት። በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ።

ሱቁ ውስጥ ሲያሳየኝ ሠራ። ቤትም ሠራ፣ ልክ እንደፈለግሁት። ችግሩ ከኋላ ነበር። የፊተኛው ዊንዶው ሁለቱን ስለሚሸፍናቸው፣ እዚህ የምጫነው ቁልፍ ከሥር ላሉትም እየደረሰ እንደሆነ የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ሦስቱም አካውንቶች በአንድ ቀን ታገዱ። ዓመታት የለፋሁባቸው ካራክተሮች ናቸው።

ተመልሼ ስሄድ ሌላ ልጅ ቆሞ አገኘሁ። ሻጩ ያንኑ ስክሪፕት ሊሸጥለት ነው። ስክሪኑ ታች ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ የኤች ምልክት በቀኝ ክሊክ ነካና ኤዲት አለ። ኖትፓድ ተከፈተ። እኔ ከትከሻው ኋላ ቆሜያለሁ። አናቱ ላይ የሠራው ሰው በእንግሊዝኛ ጽፎበታል፦ በነጻ ተጠቀሙበት፣ አትሽጡት። ወረድ ሲል ኮንትሮል ሴንድ የሚል ትእዛዝ ተደርድሯል። ከኋላ ላለ ዊንዶው ቁልፍ የሚልከው እሱ ነው። በግልጽ አልፈልግም ያልኩት እሱን ነው!

"ይሄ ነጻ አይደል እንዴ?" አልኩት። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረው። ቀና ብሎም አላየኝም። "ነጻ ከሆነ ለምን ራስህ አላወረድከውም?" አለኝ። ጓደኛው ከጎኑ ሆኖ ሳቀ። ስለ አካውንቶቹ ስነግረው ደግሞ "ጌም ተዘጋብኝ ብለህ ነው ሥራ የምታስፈታን? ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ?" አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ "አይዞህ፣ እሱ አጠቃቀሙን ስለማያውቅ ነው" አለው። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። በራሴ ላብ ያመጣሁትን ብር ወስዶ፣ ሌላ ሰው ፊት አላዋቂ አደረገኝ። "ተው ወንድሜ፣ አትግዛው" አልኩት ልጁን። እኔን አየኝ፣ እሱን አየው፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከፈለ።

ስክሪፕቱ የሚሠራበት ፕሮግራም አውቶሆትኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፣ በነጻ ከራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል። ዊንዶው ለመቀያየር ዊን አክቲቬት የሚለው ትእዛዝ ያለባቸው ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶዎቹን በመለያ ቁጥራቸው ለዩ። የግድ ከሰው የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት በኖትፓድ አስከፍቱት። ኢኤክስኢ (ራሱን የቻለ ፕሮግራም) አድርጎ ከሰጣችሁ ውስጡ በቀላሉ አይነበብም፣ ተዉት። ሱቁ የቱ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።